ኦነረስ የምትባለው ቃል

ሴፕቴምበር 9፣ ማክሰኞ

ዛሬም ዘግይቷል አለኝ። ገና ከቤተ ክርስቲያኑ የሰዓት ማማ ወርጄ፣ ጉልበቴን በእጄ ደግፌ፣ ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ፣ አባዬ ከወጥ ቤቱ መስኮት ሥር ተቀምጦ የእጅ ሰዓቱን አየት አደረገና «ዘግይቷል፣ ሄስተር» አለ። በረደሽ ወይ የለ፣ ደከመሽ ወይ የለ።

«ማን? እኔ ወይስ ሰዓቱ?» አልኩት።

«ሁለታችሁም።»

ሰማንያ ሰባት ዓመት ሞልቶት ዳሌው እንጂ ምላሱ አልዛገም። ለሰው የማይነገረውን እዚህ ልናገረው እንጂ የት ልናገረው፤ ያንን ሰዓት አምርሬ እጠላዋለሁ። በገመድ የተንጠለጠሉ ትልልቅ ብረቶች ናቸው የሚያስኬዱት። ብረቶቹ ቀስ እያሉ ይወርዳሉ፣ ወለል ሲደርሱ ሰዓቱ ቀጥ ይላል። እንዳይቆም በየሦስት ቀኑ ያንን ጠመዝማዛ ደረጃ ወጥቶ፣ መዘውር ይዞ፣ ብረቶቹን መልሶ መጎተት ነው። አያቴ ጎተተ፣ አባዬ ጎተተ። አባዬን ዳሌው ሲከዳው «እስኪሻለው» ብዬ እኔ ያዝኩት። እሱም አልተሻለው፣ እኔም አልቀረልኝ።

ሴፕቴምበር 12፣ ዓርብ

ብራዮኒ ከኒው ዚላንድ ደወለች። ሆዷን በስልኩ እያሳየች «እማዬ፣ ለዲሴምበር ትመጫለሽ አይደል?» አለችኝ። «እናያለን» አልኳት።

«ያንቺን እናያለን አውቀዋለሁ። አሳድገሽኝ የለ? አይሆንም ማለት ነው።»

«ሰዓቱን ማን ይሞላዋል?»

«ይቁማ!»

ይቁማ! ለሷ ቀላል ነው። አባዬ ሆስፒታል የተኛ ጊዜ ሰዓቱ ሁለት ቀን ቆሞ ነበር። መንደሩ ሁሉ ዊልፍሬድ ሞተ ብሎ ደመደመ። ሚስስ ታስከር የሰበካ ጉባኤያችን ሊቀመንበር ናት፤ ጥቁር ለብሳ የፖም ኬክ ይዛ በሬ ላይ ቆመች። አባዬ ቤት ከገባ በኋላ ኬኩን ሙሉውን ብቻውን በላና «ስሞት ደግሞ ዘቢብ ትጨምርበት» አለ። ሰዓቱን ጥዬ ብሄድ ሰው ምን ይላል? አባዬስ ምን ይሆናል? የመጀመሪያ የልጅ ልጄ ናት፣ እኮ። የመጀመሪያ። ሌላ አልጽፍም፣ እርር ድብን ብያለሁ።

ሴፕቴምበር 15፣ ሰኞ

ለሰበካው ጋዜጣ ማስታወቂያ ጻፍኩ። «የማማውን ሰዓት የሚሞላ በጎ ፈቃደኛ ይፈለጋል። ሥራው ኦነረስ አይደለም።»

እኛ ዘንድ የነጻ ሥራ ማስታወቂያ ሁሉ በዚያ ቃል ነው የሚዘጋው። ኦነረስ ማለት ትከሻ የሚያጎብጥ፣ ዕረፍት የሚነሳ ግዴታ ማለት ነው። በሰው አፍ አይገኝም፤ ማስታወቂያ ላይ ብቻ ነው ያለው፣ እዚያም «አይደለም» ከምትባል ሞግዚቱ ተለይቶ አያውቅም። የአበባ ተራ ኦነረስ አይደለም። መቃብሩን ማጨድ ኦነረስ አይደለም። ሚስስ ታስከርም ሊቀመንበርነቱ ኦነረስ አይደለም ተብላ ነው የገባችበት፤ ይኸው ከዚያ ወዲህ ፀጉሯን ሳታበጥር ነው ከቤት የምትወጣው። እኔም ውሸቱን እያወቅኩ ጻፍኩት። ሌላ ምን ተብሎ ይጻፋል?

ሴፕቴምበር 21፣ እሑድ

አንድ ሰው መጣ። ጡረታ የወጣው የጥርስ ሐኪም። ደረጃው እኩሌታ ላይ ተቀመጠና ላቡን ጠረገ፤ «ውብ ሕንጻ ነው» አለ፤ ከዚያ በመቀመጫው እየተንሸራተተ ወረደ።

«ምነው፣ ከበደዎት እንዴ?»

«ኧረ ምንም አይደለም! ሚስቴን ላማክርና እነግርሻለሁ።»

ሚስቱ ከሞተች ቆይታለች። ቀብሯ ላይ ነበርኩ።

ሴፕቴምበር 25፣ ሐሙስ

ምሽት። ሚስስ ታስከር ከስብሰባ መልስ በአጥሩ ላይ ጠራችኝ። «ሄስተርዬ፣ ተገላገልሽ!» ሰዓቱን በራሱ የሚሞላ ሞተር አለ። ጉባኤው ተስማምቷል፣ ሰዓት ሠሪዎቹም በኖቬምበር መጨረሻ እንመጣለን ብለዋል። የቀረው የሀገረ ስብከቱ ፈቃድ ብቻ ነው።

ለአባዬ ነገርኩት። ይጮሃል ብዬ ጠብቄ ነበር፣ አልጮኸም። «ሞተር» አለና ሾርባውን ቀጠለ። ትንሽ ቆይቶ «ሞተር እንኳ ሳይሻል አይቀርም፣ አያማርርም» አለኝ። እኔ መቼ አማረርኩ? አንድ ቀን «ደከመኝ» ያልኩበትን ይንገረኝ! እዚህ ደብተር ላይ ካልሆነ በቀር ትንፍሽ ብዬ አላውቅም።

ኦክቶበር 2፣ ሐሙስ

ከሀገረ ስብከቱ መልስ መጣ። አቶ ሎማክስ የሚባል ሰው ነው የጻፈው። የጥንት ሰዓት ያለ በቂ ምክንያት አይነካም ይላል። በቂ ምክንያት የሚሆነው፣ ሥራውን የሚሠራው ሰው ራሱ ግዴታው ኦነረስ እንደሆነበት በአካል ሲያስረዳ ነው። ስለዚህ በሚቀጥለው ሳምንት መጥቶ ያነጋግረኛል።

መጨረሻ ላይ ደግሞ፣ «በሰበካችሁ ጋዜጣ ላይ ግን ሥራው ኦነረስ አይደለም የሚል አንብቤአለሁ» ብሎ ጨምሯል። ጋዜጣችንን የሚያነብ ሰው መኖሩን መቼ አወቅኩ! በገዛ እጄ።

ኦክቶበር 5፣ እሑድ

ሰዓቱ እንቅልፍ ነሳኝ። ሌሊቱን አባዬን መጸዳጃ ቤት ለማድረስ ሦስቴ ተነሳሁ፤ ጠዋት አንሶላውን ቀየርኩ፣ ገላውን አጠብኩ፣ አለበስኩት፣ ገንፎውን አሞቅኩለት፣ ቀዘቀዘ አለኝ፣ ደግሜ አሞቅኩ፣ ተቃጠልኩ አለኝ። ሰዓቱ ባይኖር ይሄ ሁሉ ምንም አልነበረም። የምጠላው አባዬን አይደለም እኮ፤ ሰዓቱን ነው።

ከዚያ ድንች እየላጥኩ ለአቶ ሎማክስ የምለውን ተለማመድኩ። «ኦነረስ ነው።» አይ፣ ሲሉት ያስቃል፣ የሰው ካፖርት የለበስኩ ነው የመሰለኝ። «እጅግ ኦነረስ ነው። እውነቱን ልንገርዎት፣ ኦነረስ ሆኖብኛል። አልቻልኩም። በቃኝ!» የመጨረሻዋ ጮክ ብላ ወጣች መሰለኝ፣ አባዬ ከሳሎን «ከማን ጋር ነው?» አለ።

«ከድንቹ ጋር።»

መልስ አልሰጠኝም። እንቅልፍ ወስዶት ይሆናል።

ኦክቶበር 6፣ ሰኞ

አባዬ አኩርፏል። ምን እንዳደረግኩት እንጃ። ካልሲዬን ራሴ ካላጠለቅኩ ብሎ ግማሽ ጠዋት ከእግሩ ጋር ሲታገል ዋለ። ልረዳው ጎንበስ ስል «ተይኝ፣ እችላለሁ!» ብሎ ተቆጣ። በግልባጩ አጥልቆት ነው የዋለው። ሻይም ራሱ ቀዳ፤ ጠረጴዛው ሻይ ጠጣ። አሁን ደግሞ ይሄ አመል ከየት መጣ? አንሶ ነው?

ኦክቶበር 8፣ ረቡዕ

ምነው ምላሴን በቆረጠው!

አቶ ሎማክስ መጣ። ወጣት ነው፣ ቀጭን፣ አንገቱ ላይ ሁለት ሻርብ የደራረበ። ማማውን ወጣ፣ መዘውሩን ሞከረ፣ ፊቱ ቲማቲም መሰለ። እኔ ከኋላው ቆሜ በልቤ «ጎሽ፣ አንዴ ደግሞ አዙር» እለው ነበር። ወረድን። አባዬ የመጀመሪያው አግዳሚ ላይ በትሩን ይዞ ተቀምጧል፤ ሚስስ ታስከር ብስኩት ታድላለች፤ የአበባ ተረኞቹ ሴቶች አበባ የሚያስተካክሉ መስለው ጆሯቸውን አቁመዋል።

አቶ ሎማክስ ብዕሩን አወጣና «እንግዲህ በግልጽ ልጠይቅዎት። ሥራው ኦነረስ ሆኖብዎታል?» አለኝ።

ቃሏ ምላሴ ላይ ነበረች። በእግዚአብሔር ፊት እላለሁ፣ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበረች። አባዬን አየሁት። እሱ በትሩን ነው የሚያየው። ሴቶቹ እጃቸው አበባው ላይ ቆመ። ከዚያ አፌ፣ ይሄ ያልተገራ አፌ፣ «ኧረ ምንም አይደለም! ምን ችግር አለው፣ ያው ላይ ታች ማለት ነው» አለ። ፈገግም ብያለሁ። ፈገግ!

«ችግር የለውም?»

«ኧረ ምንም። እንዲያውም ለጤና ጥሩ ነው።»

ለጤና! ሚስስ ታስከር የብስኩቱን ሳህን ጣለችው። አቶ ሎማክስ ጻፈ፣ ጨበጠኝ፣ «እንደ እርስዎ ያሉ ሰዎች ባይኖሩ ይህ ቤተ ክርስቲያን አይቆምም ነበር» ብሎኝ ሄደ።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፣ ማን ይመልሰዋል። ሚስስ ታስከር እስከ በሩ ተከትላኝ «ሄስተር፣ አሞሻል?» አለችኝ። ምን ልበላት? ሰው ፊት ከበደኝ ማለት ሰው ፊት ልብስ ማውለቅ ሆኖብኝ ነው። ይሉኝታ ገደለኝ ልበላት? እሷስ ብትሆን ምን ልትል ኖሯል? የሰበረችውን ሳህን እንኳ «ኧረ አሮጌ ነው» ብላ ነው የጠረገችው።

አባዬ ወደ ቤት ስንመለስ የእጅ ሰዓቱን እንኳ አላየም። ዘግይቷልም አላለኝም።

ኦክቶበር 11፣ ቅዳሜ

ሞላሁ። ጉልበቴ አበጠ። ለጤና ጥሩ ነው።

ኦክቶበር 14፣ ማክሰኞ

ለብራዮኒ ነገርኳት። ትስቃለች ብዬ ነበር። «እሺ እማዬ፣ ምንም አይደለም» አለች። የኔው ድምፅ፣ ቁርጥ እኔን። ስልኩን ዘግቼ ፎጣ አፌ ላይ አድርጌ አለቀስኩ፣ አባዬ እንዳይሰማኝ።

ኦክቶበር 19፣ እሑድ

ሚስስ ታስከር ከቅዳሴ በኋላ ያዘችኝ። ለአቶ ሎማክስ ደብዳቤ ጽፋለች፤ ሄስተር ያን ዕለት ትኩሳት ነበራት ብላ ለምናዋለች። ውሸቷን ነው፣ ግን እግዜር ይስጣት።

ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «አባትሽ ምን ነካው? እህቴ ያለችበትን የአረጋውያን ቤት ምግብ እንዴት ነው ብሎ ጠየቀኝ። ለአንድ ወር ብቻ ይቀበላሉ ወይ አለኝ» አለችኝ።

ሳቅኩ። አባዬ የሰው ምግብ መጠየቅ ድሮም ይወዳል። ሆስፒታል እንኳ አጠገቡ የተኛውን ሰው ሳህን ነበር የሚያየው።

ቤት ስገባ ፒጃማውን ራሱ አጥፎ አገኘሁት። በጣም መጥፎ አስተጣጠፍ። እንደገና አጠፍኩት።

ኦክቶበር 26፣ እሑድ

ዛሬ እንደየዓመቱ የአገሩ ሰዓት ሁሉ ለብርዱ ወራት በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ የሚመለስበት ቀን ነው። የማማው ሰዓት ወደ ኋላ አይዞርም፣ ጥርሱ ይሰበራል። ስለዚህ ጠዋት ከቅዳሴ በፊት ወጥቼ አስቆምኩት፤ ጊዜው እስኪደርስበት አጠገቡ ቁጭ ብዬ ጠብቄ ደግሞ ላስነሳው። አባዬ ሁልጊዜ እንደዚያ ነበር የሚያደርገው።

ብርዱ አጥንት ይገባል። የርግብ ኩስ ላይ ጋዜጣ ዘርግቼ፣ ብርድ ልብስ ለብሼ ተቀመጥኩ። ጸጥ አለ። ሄስተር የሚለኝ የለም፣ ሄስተር መነጽሬ፣ ሄስተር መስኮቱ፣ ሄስተር ትራሱ የሚለኝ የለም። ማንም ደረጃውን ወጥቶ አይመጣም። ሻዬን በትኩሱ ጠጣሁ፤ መቼ ነው ሻይ በትኩሱ የጠጣሁት? ያ ሰዓት እንዴት እንዳለቀ አላውቅም። ለማስነሳት ስነሳ ትንሽ ከፋኝ።

ይሄን መጻፍ አልነበረብኝም። የምጠላው ሰዓቱን ነው ብያለሁ።

ኖቬምበር 6፣ ሐሙስ

አቶ ሎማክስ ዳግመኛ ሊመጣ ተስማማ፤ የዛሬ ሳምንት። ከዚያ በኋላ የዓመቱ ፈቃድ መስጫ ይዘጋል፣ ሰዓት ሠሪዎቹም ሌላ ቦታ ይሄዳሉ። ሚስስ ታስከር ጣቷን አፍንጫዬ ላይ ደቅና «አንዲት ቃል ናት፣ ሄስተር። አንዲት! ባትችይ ሳል ሳል በይና እኔ እልልሻለሁ» አለችኝ።

አባዬ «እኔም እመጣለሁ» አለ። «ይበርድሃል፣ ቅር» አልኩት። «ኮቴን አምጪ» አለኝ። ለሚቀጥለው ሐሙስ ለሚለብሰው ኮት ዛሬውኑ!

ኖቬምበር 13፣ ሐሙስ

በቅደም ተከተል ልጻፈው፣ አለበለዚያ ነገ አላምነውም።

ሁላችንም እዚያው ቦታ። አቶ ሎማክስ ዛሬ አንድ ሻርብ ብቻ። «ወይዘሮ ሄስተር፣ ያለፈው ጊዜ አሞዎት ነበር አሉኝ። ዛሬ ልድገመው፤ ግዴታው ኦነረስ ነው ይላሉ?»

አፌን ከፈትኩ። ያቺ የተረገመች ፈገግታ ፊቴ ላይ ስትመጣ ተሰማኝ። «ኧረ፣ መቼስ…» ማለት ጀመርኩ።

«ኦነረስ ነው» አለ አባዬ።

በትሩን ተደግፎ ተነስቷል። ልትይዘው የተነሳችውን ሚስስ ታስከርን በእጁ ገፋት። «ስማኝ ልጄ፣ እሷን አትጠይቃት። እሷ ቤት ቢቃጠልባት ሞቀኝ ነው የምትለው። እኔን ጠይቀኝ። አርባ ዓመት ሞልቼዋለሁ። ሰው እንዴት ነው ዊልፍሬድ ሲለኝ ኧረ ምንም አይደለም እላለሁ። ይቺ ልጅ ስትወለድ የት ነበርኩ? እላይ፣ መዘውሩ ላይ። አዋላጇ ልጅ ልካብኝ ነበር። ብረቱን እኩሌታ ላይ አልተውም ብዬ ጨረስኩት። ወርጄ ስደርስ ታጥባ፣ ተጠቅልላ ጠበቀችኝ። ሚስቴ ምን አለች? ምንም አይደለም አለች። እስክትሞት ድረስ ምንም አይደለም እንዳለች ነው።»

አበባ የያዙት ሴቶች ማስመሰሉን ትተው ዞረው ቆሙ። አቶ ሎማክስ ብዕሩን እንደያዘ ቀረ።

«ጻፈው እንጂ» አለው አባዬ። «ሰዓቱ ኦነረስ ነው። እኔም ነኝ። ሌሊት ታነሳኛለች፣ ታጥበኛለች፣ ታለብሰኛለች፣ እሰድባታለሁ። ከብረቱ እኔ እከብዳለሁ። እሱንም ጻፍ።»

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ተራዬ ነበር። «ኧረ አባዬ፣ ምን ማለትህ ነው፣ አንተ ምን ትከብዳለህ» የምልበት ቦታ ነበር። ለጥርስ ሐኪሙ ያላጣሁት፣ ለአበባ ተረኞቹ ያላጣሁት፣ ለአቶ ሎማክስ ሁለቴ የሰጠሁት ቃል። ጠበቅኩት። አልመጣም። ዝም አልኩ። ሰው ሁሉ ዝምታዬን ሰማው፣ አባዬም ሰማው፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ተቀመጠ።

አቶ ሎማክስ ጻፈ። ፈቃዱ ይሰጣል። ሚስስ ታስከር አቀፈችኝ፤ ትከሻዋ ላይ ምን እንዳልኩ አላስታውስም።

ወደ ቤት ስነዳ ወንዙን ተሻገርን። ከዚያ «ለምን አልነገርከኝም?» አልኩት። «ስወለድ እንዳልነበርክ።»

«ጠይቀሽኝ ታውቂያለሽ?»

«አባዬ፣ ቅድም እኮ እኔ…»

«ቅድም ጎበዝ ነበርሽ። ከተወለድሽ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳትዋሺ ቀረሽ። ወደ ፊት እይ፣ ትራክተር አለ።»

ትራክተሩ ጋ ስደርስ መንገዱ አይታየኝም ነበር። ዳር ይዤ ቆምኩ። አባዬ መሐረቡን አውጥቶ ሰጠኝ፤ ደግሞ ንጹሕ አይደለም። ከኋላችን መኪና ተሰልፎ ጡሩንባ ሲነፋ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ «እለፋ! ልጄ እያለቀሰች ነው!» ብሎ ጮኸ። መንገድ ሙሉ ሰው! አንጀቴን አሳረረው፣ ማልቀሴን ተውኩና ነዳሁ።

ኖቬምበር 14፣ ዓርብ

ሁሉን ጨርሶታል፣ ይሄ ሽማግሌ። የሚስስ ታስከር እህት ያለችበት የአረጋውያን ቤት ደውሎ፣ ለአንድ ወር ክፍል ይዞ፣ ዓርብ ዓርብ ዓሣ መኖሩንም አረጋግጧል። ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ስጠይቀው «ድንቹን ከላጥሽ ጀምሮ» አለኝ።

ማንኪያው ከእጄ ወደቀ። ሰምቶ ነበር። ካልሲው፣ ሻዩ፣ ፒጃማው። አንድ ወር ሙሉ ሰምቶ ዝም ብሎ ነበር፣ እኔ ደግሞ አኮረፈ እያልኩ እዚህ ስጽፍ።

«ስለ ሰዓቱ ነበር እኮ የተናገርኩት» አልኩት።

አየኝ። ብቻ አየኝ።

ከፊቱ ተቀመጥኩ። የገንፎው ሳህን በመሃላችን ነው። «እሺ» አልኩ። «ትከብዳለህ፣ አባዬ። በጣም ትከብዳለህ። አንዳንድ ሌሊት ስትጠራኝ ያልሰማሁ መስዬ እተኛለሁ። ግን…»

«ግኑን ተይው» አለኝ፤ እጄን በደረቀች እጁ መታ መታ አድርጎ። «ግኑን ብራዮኒ ጋ ሄደሽ ስትመለሺ ትነግሪኛለሽ።»

ሰማንያ ሰባት ዓመቱ ነው፤ እስክመለስ ማን ያውቃል። አሁኑኑ ነገርኩት።